በመጠኑ ታነባለች

ታኅሣሥ ነው በኡሜዮ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይመሻል፤
ከመስኮቱ ውጭ በረዶው፣ መብራት ለብሶ ያመሻል።
ጡረታ የወጣሁ ሾፌር ነኝ፣ የአውቶቡስ፣ የመስመር ስምንት፤
ሰው ከደጁ ሳደርስ ኖሬ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣
የራሴን ሰው ፍለጋ፣ ዘንድሮ ገባሁ መዝገብ ቤት።

ልጅቷ መዝገቡን አምጥታ፣ ከትራስ ላይ አኖረችልኝ፤
«በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ቀስ ብለህ ግለጥ» አለችኝ።
ቀስ ብዬ ገለጥሁ፣
የተኛ ሰው ብርድ ልብስ እንደሚገልጥ።

አገኘኋት። ገጽ ሰባ ሁለት፣ ከታች፣ ከአገልጋዮች ተራ፣
ከጌታዋ ልጆች ኋላ፣ ከከብት ጠባቂው ጋራ።
ብሪታ ካይሳ፣ የኒልስ ልጅ፤ ለእኔ ምንጅላት የምትሆን፤
ከዚህ ቀደም የማውቀው፣ ስሟን እንኳ ግማሹን።

ቄሱ በየዓመቱ ይመጣል፣ በፈረስ ተጎትቶ በበረዶ፤
ያስነብባል ሁሉን በተራ፣ ለእያንዳንዱም ይጽፋል ፈርዶ።
ፈንጣጣ፦ ወጥቶላታል።
ትምህርተ ሃይማኖት፦ በቃሏ።
ንባብ፦ በመጠኑ ታነባለች።
ማስተዋል፦ ደካማ።

«ደካማ»፤ አንዲት ቃል ብቻ፣ በቀጭን ላባ የተጫረች፤
መቶ ስድሳ ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሳይፍቃት የኖረች።

መስከረም ሲያልቅ ትለቃለች፣ አንዱን ጌታ ለሌላው፤
መሸኛ ወረቀቷን፣ ቄስ ለቄስ ነው የሚልከው።
ስቫርትነስ፣ ግራንሊደን፣ ከዚያ ደግሞ ቢዩርሼሌ፤
ጣቴ በካርታው ሲከተላት፣ ደከመ ከወንበሩ አካሌ።
ዕድሜዋም እንደ መንገዷ፣ አንዴ ረዝሞ አንዴ ያጥራል፤
አንዱ ቄስ ሁለት ዓመት ሰርቆ፣ ሌላው አንዱን ይጨምራል።

ከዚያ ስድሳ ሰባት መጣ፤ ሐይቁ እስከ ሰኔ አልቀለጠም፤
የጥድ ቅርፊት የፈጨ ሰው፣ አፉ እንጂ ሆዱ አልጠገበም።
በቀጣዩ ጥር፣ በጥምቀት መዝገቡ፣ አንድ ስም፦
ኤሪክ። እናት፣ ገረድ ብሪታ ካይሳ። አባት፦
ባዶ። ሰረዝ እንኳ አልሰመረበትም።

የሞት መዝገቡን ላለመክፈት፣ ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ፤
ሻዩ ቀዘቀዘ። መቼም አይቀርም፣ ተመለስሁ።
ዐሥራ አንድ ሳምንት።
ምክንያት፦ አልታወቀም።

ያባቱን ስም አላወቀም፣ የሕፃኑን ሞት አላወቀም፤
የእሷን ማስተዋል ለመመዘን፣ ቄሱ ግን አልተቸገረም።

ኋላ ዮናስን አገባች፣ ቅጥራን ከጥድ የሚያነጥር፤
ስድስት ልጅ፤ አራተኛዋ፣ እሷ ናት የሐረጌ ሥር።
ሥራዋን የሚጠይቀው ዓምድ፣ «ሚስት» ብሎ ያልፋታል፤
ላሟን ያለበ፣ ሱፉን የፈተለ፣ ሌላ ሰው ይመስላል።

በሞተች በሳምንቱ ገማቾች መጡ።
«ላም፣ አንድ፣ አሮጊት። በግ፣ ሁለት። እጀታው የወለቀ ድስት።
የሱፍ መፍተያ። የቀንድ ማንኪያ፣ ሦስት።
የመዝሙር መጽሐፍ፣ የተቀደደ፤ ዋጋ የለውም።»

እርሳሴ ወደቀ።
ያ ዋጋ ቢስ መጽሐፍ እቤቴ ነው፣ ከእናቴ መሳቢያ የወረስሁት፤
ከሽፋኑ ውስጥ ተቧጭሯል፣ የአይጥ ሥራ ነው ያልሁት፤
በመርፌ ይሁን በጥፍር፣ ጎን ለጎን የቆሙ ጭረቶች፤
ልጅ ሳለሁ እንደ አጥር ቆጥሬ የተውኋቸው፣
ዐሥራ አንድ ትንንሽ እንጨቶች።

ምናልባት ላሟ የወለደችበት ነው። የተበደረችው ዱቄት።
ምናልባትም አይጥ ነው በእውነት።
ምስክር የለኝም፤ እኔም እንደ እሷ፣
በመጠኑ ነው የማነበው።

«ልንዘጋ ነው» አለችኝ ልጅቷ፣ መብራቱን ከወዲያ እያጠፋች፤
መዝገቡን መለስሁላት። ብሪታ ካይሳ ከቦታዋ ቀረች፣
ከጌታዋ ልጆች ኋላ።

ስምንት ቁጥር መጣ። ሾፌሩ አዲስ ልጅ ነው፤ አላወቀኝም፤
ትኬቴን አይቶ ራሱን ነቅነቅ አደረገ።
መስኮቱን ውርጭ ሸፍኖታል፤
የት እንደደረስን ለማየት፣
በጥፍሬ ጫር አደረግሁት።